ምን እንደገዛሁ ማን ነገራቸው? የግዢ መረጃችንን የሚጠብቅ መመሪያ ቢወጣ ምን ይጻፍበት?

የታቦር ልጅ (ክሩን የከፈተች) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ሐዋሳ ነኝ። እናቴ ስኳር አለባት። ከወር በፊት የደም ስኳር መለኪያ ከአንድ ሱቅ ገዛሁላት። ማሽኑ ነበራቸው፣ ስትሪፑ (ደም የሚነካበት መመርመሪያ) ግን አልቆ ነበር። "ሲገባ በባጃጅ እንልክልሻለን" አሉኝ። ልጁ ደብተር ገፋ አደረገልኝ። ስሜን፣ ስልኬንና የሰፈሬን ምልክት ጻፍኩ። "ለራስሽ ነው?" ሲለኝ "ለእናቴ" አልኩት። እሱንም ጻፈው።

ስትሪፑ በሦስተኛው ቀን መጣ። እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበሩ።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። ቁጥሩን አላውቀውም። ድምፁ ማር ነው። "እህቴ፣ እናታችን እንዴት ሰነበቱ? ስኳሩ ስንት ገባ?" ዘመድ መስሎኝ "ትናንት ጠዋት 190 ነበር" ብዬ አረፍኩት። ከዚያ ነው ዋናው ወሬ የመጣው። ስኳርን ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል ቅጠል አላቸው። የሦስት ወር ሙሉ ጥቅል ነው። ኪኒኑስ ስለው "እሱን ቀስ እያሉ ይተዉታል" አለኝ። ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ከሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ተደውሏል። አንድ ቀን ስልኬን ቤት ረስቼ ወጣሁና እናቴ አነሳችው። ግማሽ ሰዓት አውርታቸዋለች። ማታ ስገባ "ልጄ፣ ያ ኪኒን ኩላሊት ይጎዳል አሉኝ እኮ" አለችኝ። ሆዴ ተላወሰ።

"ሎተሪ ደርሶሻል" የሚሉትን ለምጃቸዋለሁ። እነሱ ማንንም አያውቁም፣ ዝም ብለው መረብ መጣል ነው። እነዚህኞቹ የእናቴን በሽታ ያውቃሉ።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ይህን የሚከለክል ሕግ አለን? ደግሞስ ሰው የገዛውን ነገር የሚጠብቅ መመሪያ ይውጣ ቢባል፣ እናንተ ምን እንዲጻፍበት ትፈልጋላችሁ?

ዝም ብዬ አነባለሁ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:52

"190 ነበር ብዬ አረፍኩት" የሚለው ጋ ሳቄ መጣ፣ ይቅርታ እህቴ። እኔም ብሆን እነግረው ነበር። እናታችን ሲባል ማን ይጠረጥራል። እግዜር ይማርልሽ።

ጠርጣራው · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ሱቁ ነው ያወጣው ብለሽ እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ? ባጃጁም ሊሆን ይችላል። ፌስቡክ ላይ የስኳር ሕመምተኞች ግሩፕ ገብተሽ ጠይቀሽ እንደሆነስ? ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ስልክሽን ሰጥተሽ እንደሆነስ? ሰው ከመወንጀል በፊት ማሰብ ጥሩ ነው።

የታቦር ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:11

ግሩፕ ውስጥ የለሁም። ሐኪም ቤት የተመዘገበው የወንድሜ ስልክ ነው፤ እሱ ጋ ማንም አልደወለም። ደግሞ የሱቁን ስም የጠራሁ ይመስል! አልጠራሁም፣ አልጠራምም።

አንቀጽ 26 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:48

የሕግ ሰው ነኝ። የመድረክ ስሜን የወሰድኩት ከሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 26 የሰው ግላዊ ሕይወት ይከበር የሚለው ነው። ስለዚህ ይህ ክር የተጻፈው ለእኔ መሰለኝ።

እህቴ፣ ሕግ አለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል። ምክር ቤቱ ያጸደቀው በመጋቢት 2016 ነው። እንዲያስፈጽም ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው ይህን መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ለቴሌኮም ፈቃድ ሲሰጥ ስለሆነ፣ የሱቅ ደብተር እሱን ይመለከተዋል ብሎ አያስብም።

የአዋጁን ልብ ባጭሩ ልንገርሽ። መረጃ ለተሰጠበት ጉዳይ ብቻ ነው የሚውለው። አንቺ ስልክሽን የሰጠሽው ስትሪፑ እንዲደርስሽ ነው። ስትሪፑ ደረሰ። የዚያ ቁጥር ሥራ አበቃ ማለት ነው። ለቅጠል ሻጭ ቢሰጥ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለዚያ ፈቃድሽን አልሰጠሽም። የጤና መረጃ ሲሆን ደግሞ ጥበቃው የበለጠ ጠንካራ ይሆናል። አዋጁ ከሌላው ለይቶ ልዩ ጥንቃቄ ይደረግለት ካላቸው ውስጥ ነው። "ስለ እኔ ምን ይዛችኋል?" ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። አርሙልኝ፣ አጥፉልኝ ማለትም ትችያለሽ።

ጎዶሎውንም ልናገር። አዋጁ አጠቃላይ ነው። ባንኩንም፣ ሆስፒታሉንም፣ አሠሪውንም በአንድ ቋንቋ ነው የሚያናግረው። ስለ ግዢ ዝርዝር ለብቻው አይናገርም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ (813/2006) ደግሞ ትኩረቱ ዋጋ መለጠፍ፣ ደረሰኝ፣ የተበላሸ ዕቃ፣ አሳሳች ማስታወቂያ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት መመሪያ ቢሞላው ደስ ይለኛል። ስለዚህ ጥያቄሽ የምር ጥያቄ ነው። ምን ይጻፍበት?

ባለ ደብተር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

ሱቅ ከፍቼ ሻይ እየጠጣሁ ነው የማነበው። አቶቴ በኩል ነው ሱቄ። 19 ዓመት ሆነኝ።

ልጄ፣ ያደረጉሽ ነውር ነው። እኔም ደብተር አለኝ፣ የዱቤ። እዚያ ውስጥ ያለውን ባወራ ሰፈሩ ይፈርሳል። ማን በወር ስንት ቢራ እንደሚወስድ፣ የማን ሚስት ከባሏ ተደብቃ ለእናቷ ዘይት እንደምትልክ፣ ሱፍ ለብሶ የሚወጣው ሰውዬ ወሩን በዳቦና በሻይ ቅጠል እንደሚገፋው፣ ሁሉም አለ። ባል መጥቶ "የቤቱን ሒሳብ አሳየኝ" ቢለኝ ድምሩን እነግረዋለሁ እንጂ ገጹን አልገልጥለትም። ሞዴስ ለምትገዛ ልጅ በጋዜጣ ጠቅልዬ በጥቁር ፌስታል ነው የምሰጣት። ይህን ያስተማረኝ አዋጅ የለም። የድሮ ባለሱቅ ሁሉ እንዲህ ነበር።

አሁን ግን ስጋቴን ልንገራችሁ። መመሪያ መጣ ማለት ተቆጣጣሪ መጣ ማለት ነው። ነገ አንዱ ወጣት መጥቶ "ጋሼ፣ ደብተርህ አልተመዘገበም" ብሎ ሱቄን ቢያሽግብኝስ? ቅጠል ሻጩ ስልኩን አጥፍቶ ይሰወራል፤ ቆሞ የሚገኘው እኔ ነኝ።

አንቀጽ 26 · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:02

ጋሼ፣ የእርስዎ ስጋት ተገቢ ነው። አዋጁ መረጃ የሚሰበስብና የሚጠቀም ሁሉ በባለሥልጣኑ ይመዘገባል ይላል። የአንድ ሚሊዮን ሰው ግብይት የያዘ ድርጅትና የ40 ጎረቤት ዱቤ የያዘ ሱቅ በአንድ ሚዛን ከተመዘኑ እንዳሉት ይሆናል። እኔ መመሪያ አርቃቂ ብሆን የመጀመሪያው አንቀጽ ይህን መለየት ነበር። ከትንሹ ሱቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሳልፎ አለመስጠት። መመዝገቡ፣ ሪፖርቱና ባለሙያ መቅጠሩ ለትልልቆቹ ይሁን።

ሽፍት ሁለት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:30

ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል። በዱቤ ነው የምንኖረው፣ ደሞዝ ሲገባ እንከፍላለን።

እንደ ጋሼ ያለ ባለሱቅ ቢገጥመን ጥሩ ነበር። አንዴ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛሁ። ለጓደኛዬ ነው፣ እሷ አፍራ። በነጋታው ማሽን ላይ ቁጭ እንዳልኩ "እንኳን ማርያም ማረችሽ በይ ቶሎ" ብለው ሳቁብኝ። የሸጠልኝ ልጅ እኛ ላይን ውስጥ የምትሠራ እህት አለችው።

ደብተር የለ፣ ስልክ የለ፣ ቴሌግራም የለ። አፍ ብቻ። ይሄንንስ መመሪያው ይይዘዋል?

ጠርጣራው · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:41

አይይዘውም። ሐሜትን በአዋጅ ያስቆመ አገር የለም።

አንቀጽ 26 · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:15

እንዲህ ዓይነት ሕግ በተለምዶ የሚይዘው በመዝገብ የተቀመጠን ወይም በኮምፒውተር የሚሠራበትን መረጃ ነው። ከአፍ ወደ አፍ ያለፈ ነገር ላይ ይቸገራል። ግን ያ ልጅ የፋርማሲ ባለሙያ ከሆነ የሙያ ሥነ ምግባር አለበት፤ የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው። የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ከሆነ ግን ያ ግዴታ የለበትም። ዕቃው ያው ነው፤ የገዛሽበት በር ነው ልዩነቱ። መመሪያው በዕቃው ዓይነት ቢሄድ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ናዝሬት ነኝ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

ከአዳማ ነው (ስሙ ተቀይሯል አትበሉኝ፣ አውቃለሁ)። ቴሌግራም ላይ ጫማ እሸጣለሁ። ሐዋሳም በመኪና እልካለሁ።

እኔ እንኳን መረጃ ልሸጥ፣ ጫማውም በግድ ነው የሚሸጠው። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ደንበኛ ሲከፍለኝ የላከልኝን የክፍያ ስክሪንሾት ቻናሌ ላይ ፖስት አደርጋለሁ። "ደንበኛችን ከሐዋሳ፣ እናመሰግናለን" ብዬ። ሁሉም ሻጭ ያደርገዋል። ካላደረግክ ማንም አያምንህም። "ብሩን በልተህ ብትጠፋስ?" ነው የሚሉኝ። ያ ጥፋት ነው?

ዝም ብዬ አነባለሁ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:38

ወንድሜ፣ ዝም ብዬ ማንበቤን ላቁምና ልናገር። የባሌን ሙሉ ስም እንደ አንተ ያለ ቻናል ላይ ነው ያገኘሁት። ስክሪንሾቱ ላይ ስሙ፣ ብሩ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ አለ። ከሥሩ ጫማው። የሴት ጫማ፣ ቁጥር 38። እኔ 40 ነው የማደርገው።

ሽፍት ሁለት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:40

ወይኔ። ከዚያስ?

ዝም ብዬ አነባለሁ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:44

"ለእህቴ ነው" አለ። እህቱ 41 ናት።

ጠርጣራው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50

ይህን ቤት ያፈረሰው ስክሪንሾቱ ነው ወይስ ጫማው? በእኔ በኩል ቻናሉ ሊመሰገን ይገባል።

ኮድ በሌሊት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:20

ሥራዬ ዳታ ነው፣ ለዚህ ነው በዚህ ሰዓት የምጽፈው።

ናዝሬት፣ ስሙን ሸፍነህ ለጥፍ እልህ ነበር፤ እሱም ቢሆን ብዙ አያስመካም። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ትልቅ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የ1.1 ሚሊዮን ሰው የሦስት ወር የባንክ ካርድ ግዢ መረመሩ። ስም ወጥቷል። የካርድ ቁጥር ወጥቷል። የቀረው የትኛው ሱቅ፣ በየትኛው ቀን የሚለው ብቻ ነው። ስለ አንድ ሰው አራት ግዢ ካወቅክ፣ ከመቶ ዘጠናውን ከዚያ ክምር ለይተህ ማውጣት ትችላለህ አሉ። የተከፈለውን ዋጋ በግምት እንኳ ካወቅክ ደግሞ የበለጠ ይቀልሃል።

ወደ እኛ ከተማ አምጡት። አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶ ጠጣ። ረቡዕ ገብርኤል አካባቢ መድኃኒት ገዛ። ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሣ በላ። እሑድ መናኸሪያ ጋ የልጅ ወተት ገዛ። አራቱንም በነዚያው ቀኖች ያደረገ ስንት ሰው አለ? ምናልባት አንድ። የማታውቁት ስሙን ብቻ ነው። ስሙን ለማወቅ ደግሞ አንዴ አሞራ ገደል አብሮት ፎቶ የተነሳ ሰው ይበቃል።

ስለዚህ መመሪያው ላይ "ስም ከተሰረዘ እንደ ልብ ይሸጥ" የሚል አንቀጽ ካያችሁ ጩኹ። ብዙ አገር ውስጥ ድርጅቶች የሚሾልኩት በዚያች ቀዳዳ ነው።

አንቀጽ 26 · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:50

ናዝሬት፣ ለጥያቄህ ከጎረቤት ላምጣልህ። ኬንያ የዳታ ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በ2023 ናይሮቢ ያለ አንድ መዝናኛ ቤት የደንበኛውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጥፎ 1,850,000 የኬንያ ሽልንግ ተቀጣ። ፎቶ ብቻ ነው። ስምና የከፈለውን ብር አልለጠፈም። አንተ ሁለቱንም ትለጥፋለህ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ደንበኛህን ጠይቀው። "ልለጥፈው?" በል። እሺ ካለህ ለጥፍ።

ናዝሬት ነኝ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:15

በሉ፣ የድሮዎቹን ማጥፋት ጀምሬያለሁ። 600 ምናምን ናቸው፣ ጣቴ ደነዘዘ።

ግን አንድ ነገር አትርሱ። የግዢና የሽያጭ መረጃ ጠላት ብቻ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሲጀምር ሁሉም "ለምን?" ይል ነበር። በ2014 መጨረሻ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላና እንደኪሴ የሚባል ብድር ጀመረ። መያዣ የለም። የሚታየው የገንዘብ እንቅስቃሴህ ነው። እኔ ባንክ ቤት ስሄድ የቤት ካርታ አምጣ ነበር የምባለው። ካርታ ያለው ሰው ጫማ በቴሌግራም ይሸጣል እንዴ? ለእኔ ዋስ የሆነኝ የግብይት ታሪኬ ነው። መመሪያው "ማንም የማንንም ግዢ አይይ" ብሎ ጥርቅም ካደረገው ተጎጂው ድሃው ነው።

ባለ ደብተር · ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:05

ይሄ ልጅ እውነቱን ነው። እኔም ዱቤ የምሰጠው ደብተሬን አይቼ ነው። ባለፈው ወር የከፈለ ይወስዳል። ያልከፈለ "ጋሼ ነገ" ሲለኝ ደብተሩን ነው የማየው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ እኔ ስከለክለው ፊት ለፊት ነው። ይቆጣኛል፣ ያስረዳኛል፣ "ልጄ ታሞ ነው" ይለኛል፣ እኔም እራራለሁ። ብድር የሚከለክለውን ማሽን ማን ያስረዳዋል?

ኮድ በሌሊት · ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:30

ጋሼ፣ እኛ ቢሮ ስድስት ወር የምንከራከርበትን በሁለት መስመር ጨረሱት።

አንቀጽ 26 · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:10

በአዋጁ ውስጥም የዚህ ሐሳብ አለ። ማሽን ብቻውን በወሰነው ውሳኔ አለመገዛት ከመብቶቹ አንዱ ነው። ናዝሬት ያለውንም እቀበላለሁ። ብድር ልጠይቅ ብለህ ታሪክህን ራስህ ስትከፍት አንድ ነገር ነው። ሳታውቅ ሌላው ሲከፍተው ሌላ ነው። መመሪያው ይህን ቢለይ "ጥርቅም" አይሆንም።

ጠርጣራው · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:00

እሺ እኔም ድርሻዬን ልወጣ። ሁላችሁም ሕግ ይውጣ ትላላችሁ። ሕግ የሚወጣው ግን የተራ ሰው እናት ስለተደወለላት አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ስለ ተከራየኸው ፊልም ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ እንዳለ ታውቃላችሁ? ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ፕሬዚዳንት ሬገን ሮበርት ቦርክ የሚባል ዳኛ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አጩ። አንድ የዋሽንግተን ሳምንታዊ ጋዜጣ ሰውየው ካሴት ከሚከራይበት ቪዲዮ ቤት ዝርዝሩን አግኝቶ አተመው። 146 ፊልም። ነውር የሚባል አንድም የለበትም። ግን ምክር ቤቱ ደነገጠ። ለምን? እነሱም ካሴት ይከራያሉ! በዓመቱ፣ በ1988፣ ሕጉ ወጣ። ዝርዝርህን ያወጣ ቢያንስ 2,500 ዶላር ይከፍልሃል። የሚገርመው ቦርክ ራሱ የአገሩ ሕገ መንግሥት ውስጥ አጠቃላይ የግላዊነት መብት የለም ብሎ የሚከራከር ሰው ነበር።

ልብ በሉ፣ ሕጉ የጠበቀው ካሴትን ነው። ከሱፐርማርኬት የገዛኸውን አልጠበቀም። ትልልቅ ሰዎችን ያስደነገጠው ካሴት ስለሆነ።

ዝም ብዬ አነባለሁ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:12

እዚህም ቪዲዮ ቤት ነበር እኮ። "ሐዋሳ" ሳይሆን "አዋሳ" እያልን የምንጽፍበት ዘመን። አከራዩ ደብተር ይዞ "አንቺ የህንድ ፊልም ጨርሰሻል" ይለኝ ነበር። ሰፈር በሙሉ ያውቃል የህንድ ፊልም እንደምወድ። ግድ አልነበረኝም።

ኮድ በሌሊት · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:45

ጠርጣራው፣ ያንን ሕግ አትናቀው። ካሴት ከጠፋ በኋላም አልሞተም። ዛሬ ሰዎች ድረ ገጽ ላይ ያዩትን ቪዲዮ ለማስታወቂያ ድርጅት አሳልፈው የሰጡ ኩባንያዎችን የሚከሱት በዚያው በ1988ቱ ሕግ ነው። ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ተብሎ የተጻፈ ጠባብ ሕግ ነው፣ ግን ጥርስ አለው። "ቢያንስ 2,500 ዶላር" የሚለው ቁጥር ነው ጥርሱ። ምን ያህል ተጎዳሁ ብለህ ማስረዳት አይጠበቅብህም። የእህታችን ጉዳት ስንት ብር ነው? የእናቷ ግማሽ ሰዓት ስንት ያወጣል?

እኔ ከመመሪያው የምፈልገው ይህን ነው። የተቆረጠ ቁጥር። ሌላው ሁሉ ቃል ነው።

ሽፍት ሁለት · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:10

እኔ ደግሞ የምፈልገው "ስልክሽ ስንት ነው?" ከማለቱ በፊት "ለዚህ ነው" እንዲለኝ ነው። አሁን ሁሉም ቦታ ይጠይቁናል። ለዕጣ ኩፖን፣ ለዋይፋይ፣ ለቅናሽ ካርድ። ለጨምበላላ ልብስ ልገዛ ገብቼ እንኳ ስልክሽን አሉኝ። ሳልገዛ! የገዛሁት ነገር ከደረሰኝ በኋላም ይሰረዝ።

ባለ ደብተር · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:40

ሁሉም አይሰረዝም ልጄ። ግብር ሰብሳቢው መዝገብ አቆይ ይላል። ያጠፋሁ እንደሆነ እሱ ያጠፋኛል።

አንቀጽ 26 · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:00

ልክ ነው፣ የሽያጭ መዝገብ ለታክስ መቆየት አለበት። ግን ታክሱ የሚፈልገው ምን ተሸጠ፣ በስንት፣ መቼ የሚለውን ነው። "ለእናቷ ነው" የሚለውን ታክስ ሰብሳቢ አይፈልገውም። የቤት አቅጣጫዋንም አይፈልገውም።

የታቦር ልጅ፣ አንቺ ግን መመሪያ እስኪወጣ አትጠብቂ። ባለሥልጣኑ ዘንድ አቤቱታ ማቅረብ ትችያለሽ፣ ከዚያ በፊት ግን ለሱቁ በጽሑፍ ጠይቂ። ረጅም አታድርጊው። እንዲህ በይ፦ "በዚህ ቀን ዕቃ ገዝቼ ስሜን፣ ስልኬንና አድራሻዬን ሰጥቻለሁ። ዕቃው ደርሶኛል። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ፣ ለማን እንደሰጣችሁት እንድታሳውቁኝና ለሽያጭ መዝገብ የማያስፈልገውን እንድታጠፉልኝ እጠይቃለሁ።" ቀንና ፊርማ። በሁለት ኮፒ። አንዱ ላይ "ተቀብያለሁ" ብለው ይፈርሙልሽ። ስልክሽን እንዳትጽፊበት።

ጠርጣራው · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:06

ካልፈረሙላትስ? ለአንድ ስልክ ጥሪ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዲስ አበባ ልትከስ ነው?

አንቀጽ 26 · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:09

ካልፈረሙ አንድ ምስክር ይዛ ትሂድ። ተስፋ አታስቆርጣት እባክህ።

የታቦር ልጅ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:30

ሄድኩ። ወንድሜን ይዤ፣ ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ጽፌ።

ባለቤቱ ነበሩ። ሽማግሌ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን መነጽር አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። አዋጁን ሰምተውት አያውቁም፣ ግን አልተቆጡም። ልጁን ጠሩት። ልጁ አይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። ለካ ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረው ሠራተኛ ሲለቅ የደብተሩን ገጾች በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነው የሄደው። የስኳርና የደም ግፊት መለኪያ የገዙትን ሰዎች ገጽ። አሁን የት እንደሚሠራ ገምቱ።

ሽማግሌው ደነገጡ፣ የምር። "እኔም ግፊት አለብኝ፣ የእኔም ስም እዚያው ነው" አሉ። ለካ ለእሳቸውም ተደውሏል! ቅጠሉንም ገዝተዋል።

ኮፒው ላይ ፈረሙልኝ። የእኔ ስም ያለበትን መስመር በጥቁር እስክሪብቶ ድምጥማጡን አጠፉት። የሌሎቹን ደግሞ ዕቃ የደረሳቸውን እያዩ አንድ በአንድ ሊያጠፉ ነው። ለልጁም ከዛሬ ጀምሮ ስልክ በብጣሽ ወረቀት ተቀብለህ ዕቃው ሲደርስ ቅደደው አሉት። ከልቤ አመሰገንኳቸው።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። "ልጄ፣ ያንን ሠራተኛ አግኝቼ ፎቶውን ሳስጠፋው አሳውቅሻለሁ" አሉና ደብተሩን ገለጡ። እስክሪብቶ አነሱ። "ስልክሽ ስንት ነው?"

ዝም ብዬ አነባለሁ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:33

አልሰጠሻቸውም አይደል?

የታቦር ልጅ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:41

ዜሮ ዘጠኝ ብያለሁ። ወንድሜ ነው የረገጠኝ።